የሞምባሳው ካርድ ጀርባ

ከመብራት ኃይል ማከፋፈያ ጣቢያው በጡረታ የተሰናበትኩ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፤ አንድ የግድግዳ ሰዓትም ሸለሙኝ። ከእንግዲህ የትም መድረስ ለሌለበት ሰው ሰዓት የሚሰጥበት ምክንያት እስካሁን አልገባኝም። ንግግሬን ልጀምር ጉሮሮዬን ስጠራርግ መብራት ድርግም አለ። ከኋላ አንዱ «አበራ አጠፋ!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ደብረ ታቦር ውስጥ ይህን ቀልድ የማያውቅ የለም። ስሜ አበራ ነው። ሥራዬ ደግሞ ለከተማውና ለአካባቢው ኃይል የሚለቁትንና የሚቆርጡትን ማብሪያዎች መጠበቅ ነበር። ነፋስ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ቢጥል፣ ጉና ተራራ ላይ መብረቅ ቢወርድ፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን «አበራ አጠፋ» ይባላል። ቀልዱን የፈጠረው ሰይድ ነው፤ ገበያው መሐል ጨርቅ የሚሸጠው የልጅነት ጓደኛዬ። ሱቁ በጨለመ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ ይጮኸዋል። እኔም አብሬው ስቄያለሁ። አንዳንድ ቀን ግን ሳቄን ቶሎ እቆርጠዋለሁ፤ «አጠፋ» የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ እንዳለው ከእኔ በቀር የሚያስታውስ አልነበረም።

ከመብራት በፊት መርከበኛ ነበርኩ። ይህን ስናገር ሰው ከእግር እስከ ራሴ ያየኛል። የጉና ሥር ልጅ ባሕር ምን አገናኘው? የሰፈራችን ሽማግሌዎች ባሕር ሲሉ ጣናን ማለታቸው ነው፤ እኔ ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ሳወራ ከወረታ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለ ይመስላቸው ነበር። ቢሆንም መርከበኛ ነበርኩ፣ ያውም መሪ ጨባጭ፤ ጎበዝ መሪ ጨባጭ። ትሕትና ያምርብኛል ብዬ አልዋሽም፤ በሁለቱም ሙያዬ እጄ የታመነ ነበር። አንድ ቀን ሲቀር። ይህን ሁሉ የምጽፈውም ስለዚያች አንድ ቀን ነው።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ከአልጋዬ ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጣሁ። ውስጡ ዘጠኝ ፖስት ካርዶች አሉ። በአንድ ረጅም የልምምድ ጉዞ ከአሰብ ተነሥተን ሲንጋፖር ደርሰን ስንመለስ ከየወደቡ የሰበሰብኳቸው ናቸው። የኤደን ካርድ ገደል ላይ የቆመ የሰዓት ማማ አለበት። የካራቺው ባሕር ዳር ጋሪ የሚስቡ ግመሎች፣ የቦምቤይው ውኃው አፍ ላይ የተሠራ ትልቅ የድንጋይ በር ነው። የሲንጋፖሩ ከወገቡ በላይ አንበሳ፣ ከወገቡ በታች ዓሣ የሆነ ሐውልት ነው። ለእረፍት ስመጣ ይህን ለእናቴ ባሳያት ትክ ብላ አየችውና «በጾም የትኛው ወገኑ ነው የሚበላው?» አለችኝ። አባቴ መርጌታ ነበሩና ጥያቄውን ወደ እሳቸው አስተላለፍነው። እሳቸውም «ምንም ወገኑ አይበላ፤ ይተዉት» ብለው ፈረዱ። ዘጠነኛው ካርድ የሞምባሳ ነው፤ በመንገዱ ላይ እንደ ቅስት የተጋጠሙ ታላላቅ የዝሆን ጥርሶች አሉበት።

ካርዶቹን ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ለእመቤት አሳየኋት። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ያሰበችው የማይቀርባት ልጅ ናት። አንዱን ገልብጣ አነበበችና ቀና አለች።

«ጋሼ አበራ፣ ይኼ ሰላምታ አይደለም እኮ!»

«አይደለም።»

«"ወፍ ሳይ ሁለት ዲግሪ ሳትኩ" ነው የሚለው። ይኼኛው ደግሞ "የሻይ ጣሳዬን ሳላስር ተኛሁ፤ ማዕበል መጥቶ የሰይድ ግንባር ላይ ጣለው" ይላል። ሁሉም ጥፋት ነው የተጻፈበት!»

«አዎ፣ ሁሉም ጥፋት ነው።»

ልጅቷ በደስታ አበደች። ካርዶቹን በሁለት መስታወት መሐል አቁማ፣ ፊትና ጀርባቸው እንዲታይ አድርጋ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ለሕዝብ ልታሳያቸው ወሰነች። ከዚያ ዘጠነኛውን ገለበጠችው። ባዶ ነበር።

«ሞምባሳ ላይ አልተሳሳቱም ማለት ነው?» አለችኝ ፈገግ ብላ።

ካርዱን ከእጇ ተቀበልኩ። መልሱ የሚጀምረው ከአባቴ ቤት ነው።

አባቴ ቤት አንድ ሕግ ነበር። ትልቅ ሰው ካዘዘህ «እሺ» ብለህ ትነሣለህ። ያዘዘህን ቃል መልሰህ ብትናገር እንደ ማፌዝ ይቆጠራል። «ውኃ አምጣ» ሲሉህ «ውኃ ላምጣ?» ካልክ ጆሮህ ይቆነጠጣል። የእኛ አገር ልጅ ጨዋነቱ የሚታወቀው በዚያች አጭር «እሺ» ነው፤ እኔም «እሺ»ን ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁ ነበርኩ።

ሰይድ የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፤ ባሕር ኃይል አብረን ተቀጠርን። ከመቀጠራችን በፊት ከወንዛዬ ፍል ውኃ የሚበልጥ ውኃ አይተን አናውቅም። እሱ በመርከቧ ኋላ በኩል ገመድና ማሰሪያ ላይ ተመደበ፤ የአባቱ ልጅ ነውና ቋጠሮ ሲቋጥር ጣቶቹ አይታዩም ነበር። እኔ መሪ ክፍል ገባሁ፣ ከክፍሉ አለቃ ከቺፍ መሐሪ እጅ ላይ ወደቅኩ።

ቺፍ መሐሪ የምጽዋ ሰው ናቸው፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይነሣ። አንገታቸው ላይ በሲባጎ የታሰረ ቁራጭ እርሳስ ነበራቸው። ማንም ሰው መሪ ከመጨበጡ በፊት ኪሱን ያራግፉታል። ቁልፍ፣ ሰንጢ፣ ምላጭ፣ ብረት የሆነ ሁሉ ይወጣል። «ኪስህ ውስጥ ያለ ሰንጢ ሰሜንን ይሰርቅሃል» ይሉ ነበር፤ የኮምፓሷ መርፌ ብረት ትወዳለችና። ደግሞም መርፌዋን ማሳደድ አጥብቀው ይጠላሉ። ጀማሪ መሪ ጨባጭ መርፌዋ ወደ ቀኝ ስትሄድ ወደ ግራ ይጎትታል፣ ወደ ግራ ስትሄድ ወደ ቀኝ፤ መርከቧም እንደ ሰካራም እየተወላገደች ትሄዳለች። ቺፍ እጃቸውን እጄ ላይ ጭነው «ትንሽ ስጣትና ጠብቃት። ሰምታሃለች፤ ትልቅ ስለሆነች ነው የምትዘገየው» ይሉኛል። እኔም ጠበቅኩ። በሦስተኛው ወር የእኔ ተራ ሲሆን የመኮንኖች ሻይ ከስኒው አይፈስም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ግን እንዲህ ሆነ። ቺፍ «ቀኝ አምስት!» አሉኝ።

«እሺ ጌታዬ!»

«እሺ ስንት ዲግሪ ነው?»

ግራ ገባኝ። መርከብ ላይ የታዘዝከውን ቃል በቃል መልሰህ ትናገራለህ፤ አዛዡ ሰምቶ «ልክ» ይላል፤ ስህተት ካለ እዚያው ይታረማል። እኔ ደግሞ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ያን የሚያህል ሰው ፊት ለፊት ቃሉን እየመለስኩ ላፌዝበት? ሁለት ቀን ሙሉ «እሺ» ስል ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ቺፍ የዕቃ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ።

«አባትህ ሥራቸው ምንድን ነው?»

«መርጌታ ናቸው፣ ጌታዬ።»

«ዳዊት ትደግማለህ?»

«እደግማለሁ።»

«ዳዊት ስትደግም በንጉሥ ዳዊት ላይ እያፌዝክ ነው?»

«ኧረ በስመ አብ!»

«እንግዲያው እኔንም እንደ ዳዊት ድገመኝ።»

ነገሩ በዚያች ቃል ተፈታልኝ። መድገም ለካ ለጸሎትም ይሆናል! ከዚያ በኋላ «ቀኝ አምስት፣ ጌታዬ!» ስል ድምፄ እስከ ማብሰያ ቤት ይሰማ ጀመር። መርከበኞቹ «ደጋሚው» ብለው ስም አወጡልኝ። ግማሾቹ ዳዊት ደጋሚ ማለታቸው ነው፣ ግማሾቹ ክፍል ደጋሚ፣ ሰይድ ደግሞ «ድግምት የሚደግም የደብተራ ልጅ ስለሆነ ተጠንቀቁት» እያለ ጀማሪዎቹን ያስፈራራልኝ ነበር።

የፖስት ካርዱም ነገር የቺፍ ነው። ኤደን ስንወርድ ሁላችንም ለቤተሰብ ካርድ ልንገዛ ተሻማን። ቺፍ ወደ እኔ መጥተው አንድ ካርድ ብቻ አስያዙኝ። «የከተማውን ፊት ከተማው ያውቀዋል። አንተ ጀርባው ላይ እስከዚህ ስትመጣ የሠራኸውን ጥፋት ጻፍ። አንድ መስመር ይበቃል። ሰበብ አይጻፍም» አሉኝ። እርሳሳቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ በየወደቡ ይህ ሥርዓት ሆነ። እሳቸውም የራሳቸውን ይጽፉ ነበር፤ አንዴ አይቼባቸዋለሁ፣ «ለልጁ መቆጣት ሲገባኝ ሳቅኩ» ይላል። ልጁ እኔ ነበርኩ።

ሞምባሳ ወደ አገራችን ከመመለሳችን በፊት የመጨረሻዋ ወደብ ነበረች። ሰባት ወር በባሕር ላይ ቆይተን እጃችን ሠልጥኖ፣ ልባችን አብጦ ነበር። ወደ ወደቡ ስንጠጋ ሁልጊዜ የሚያዝዘን መኮንን ታሞ ተኛና የመርከቧ አዛዥ ራሳቸው ወጡ። ኮማንደሩ ፀጉራቸው ነጭ፣ የጎንደር ሰው፣ አነጋገራቸው ቁርጥ አባቴን። ከመሪ ክፍሉ ውጭ ባለው ሰገነት ላይ ቆመው ወደ ታች ወደ ወደቡ እያዩ በተከፈተው በር በኩል ያዝዙኛል። ቺፍ መሐሪ በመርከቧ ፊት በኩል ገመድ ያሳስሩ ነበር።

የመርከቧ ፊት ታስሯል፤ የቀረው ኋላዋን ወደ ወደቡ ግንብ ቀስ አድርጎ ማስጠጋት ነው። መሪው ቀኝ አምስት ላይ ነበር፣ ኋላዋም ወደ ግንቡ እየተጠጋች ነበር። ሰይድ እዚያ ኋላ ላይ ነው። ከገመድ የተጎነጎነ ትልቅ ትራስ አለ፣ መርከቧ ከድንጋዩ ጋር እንዳትጋጭ በመሐል የሚወርድ፤ እሱን እያወረደ ነበር። ኮማንደሩ ፍጥነቷን ሊያበርዱ ፈልገው አዘዙ። ነፋስ ነበር። የሰማሁት «አሥራ አምስት» የሚል ነው።

«እሺ ጌታዬ!» አልኩ።

ከሰባት ወር በኋላ አባቴን የመሰለ ሰው ሲያዝዘኝ አፌ ወደ አባቴ ቤት ተመለሰ። መሪውን ከቀኝ አምስት ወደ ቀኝ አሥራ አምስት ጠመዘዝኩት። የታዘዝኩት ግን «ግራ አምስት» ነበር። ነፋሱ የ«ግራ»ን ፊት በላውና ለጆሮዬ የቀረው «አሥራ» መሰለኝ። «ቀኝ አሥራ አምስት፣ ጌታዬ» ብዬ ብደግም ኮማንደሩ «አይደለም!» ባሉኝ ነበር። የአንዲት ትንፋሽ ጊዜ ትበቃ ነበር። አልደገምኩም። ኋላዋ ተወርውራ ግንቡን መታች። ወዲያው ከታች ጩኸት ሰማሁ። ድምፁን አወቅኩት።

የሰይድ ቀኝ እጅ በብረቱና በድንጋዩ መሐል ተይዞ ነበር። ሁለት ጣቶች ሄዱ፤ ጠቋሚውና መሐለኛው። የልብስ ሰፊ ልጅ መቀስ የሚጨብጥባቸው ጣቶች።

በማግሥቱ ምርመራ ተደረገ። ኮማንደሩ «አዝዣለሁ፤ ነፋሱ ኃይለኛ ነበር» አሉ። እኔን «የታዘዝከውን ፈጽመሃል?» ብለው ጠየቁኝ። «ፈጽሜያለሁ» አልኩ። እንግዲህ የቀረው ሰይድ ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ «ባሕረኛው ትራሱን በማውረድ ዘግይቷል፤ እጁንም ያለ ቦታው አስገብቷል» ተብሎ ተጻፈ። ልጠይቀው ሐኪም ቤት ስሄድ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን አሳየኝና «አየህ ዝርክርክነቴን? እናቴ ሁልጊዜ ትነግረኝ ነበር» አለኝ። አጠገቡ ተቀምጬ ብርቱካን ላጥኩለት። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ፈሪ ነበርኩ። ሌላ የምለው ነገር የለኝም፤ ሰበብ አይጻፍም።

ከሞምባሳ ስንነሣ ቺፍ መሐሪ የዝሆን ጥርሱን ካርድ እሳቸው ገዝተው አመጡልኝ። እርሳሳቸውን አወለቁ። ተቀብዬ ካርዱን ገለበጥኩ። ባዶውን መለስኩላቸው። ካርዱን አልተቀበሉኝም፤ እርሳሱን ብቻ ወስደው አንገታቸው ላይ አጠለቁና ሄዱ። ገምተው እንደነበር አውቃለሁ። በሳምንቱ ለመርከቧ ሁሉ አዲስ ደንብ አወጡ፤ ከእንግዲህ «አሥራ አምስት» አይባልም፣ «አንድ አምስት» ነው የሚባለው። ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ሁላችንም ተበትነን ወደየቤታችን ስንሄድ መኪና ላይ ሊያሳፍሩኝ መጥተው «ዘጠነኛውን ጻፍከው?» አሉኝ። «አልጻፍኩም፣ ቺፍ» አልኳቸው። «እንግዲያው ገና መሪ ላይ ነህ፤ ተራህ አላበቃም» አሉኝና እጄን ጨበጡኝ። ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም።

ደብረ ታቦር ተመልሼ ማከፋፈያ ጣቢያው ውስጥ ተቀጠርኩ። የባሕሩ አገልግሎቴ ወረቀቱ ስላልተገኘ አልተቆጠረልኝም፤ ተውኩት። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ቢኖር የቺፍን ደንብ ማስገባት ነው። በስልክ የታዘዘ ሁሉ ይደገማል፤ ቁጥር አንድ በአንድ ይጠራል። ወጣቶቹ ሳቁብኝ። «ጋሽ አበራ ጸሎት ላይ ነው» ይሉ ነበር።

መሳቃቸውን ያቆሙት በአንድ የክረምት ቀን ነው። ጌታቸው የሚባል አዲስ የመስመር ሠራተኛ ከጉና ሥር ምሰሶ ላይ ወጥቶ የተበጠሰ ሽቦ ሊቀጥል ነው። መስመሩ በብልሽቱ በራሱ ተቋርጧል፤ እሱ ግን እንዲረጋገጥለት ፈልጎ በረዶ እየወረደበት ይደውልልኛል፦ «ጋሽ አበራ፣ የጉናን መስመር ዝጋልኝ!» በእኛ ሙያ መስመር መዝጋት ማለት ኃይል መልቀቅ ነው፤ ማብሪያው ሲዘጋ ሽቦው ይገናኛልና። ለገበሬው ልጅ ለጌታቸው ግን መዝጋት እንደ ቧንቧ መዝጋት ነው፤ ማስቆም። እጄ ማብሪያው ላይ ነበር፤ «የጉናን መስመር ልዘጋ ነው፤ ኃይል ልለቅብህ ነው» ብዬ ደገምኩለት። «ኧረ አይ! ኧረ በማርያም! ሽቦው እጄ ላይ ነው!» ብሎ ጮኸ። በማግሥቱ «ክፈት» እና «ዝጋ» ከጣቢያችን ተባረሩ፤ በትልቅ ቀለም «ኃይል ልቀቅ፣ ኃይል ቁረጥ» ብዬ ግድግዳ ላይ ጻፍኩ። ጌታቸው ዛሬ የአራት ልጆች አባት ነው። በየዓመቱ ለፋሲካ በግ ይዞልኝ ይመጣል። በዚህ ሥራዬ እኮራለሁ፤ ለምን አልኮራ? በጉን ባየሁ ቁጥር ግን የጌታቸውን ሁለት እጆች መቁጠር ልማድ ሆኖብኛል።

ሰይድም ከመርከብ በኋላ እዚሁ ተመለሰ። መቀስ መያዝ ስላልቻለ የአባቱን የስፌት መኪና ሸጦ ጨርቅ መነገድ ጀመረ። በግራ እጁ ጨርቅ ይለካል፣ በሦስቱ የቀኝ ጣቶቹ ይጠቀልላል፣ አሁንም ከገበያው ሁሉ ፈጣን እሱ ነው። ልጁ ዘሃራ አብራው ትሠራለች። ጣቃ ከእጇ ባመለጠ ቁጥር ሰይድ ያንኑ ይላታል፦ «እኔን አየሽ አይደል? እንደ አባትሽ ዝርክርክ አትሁኚ።» ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማ አደገች። እኔም ሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጬ አብሬ እሰማ ነበር።

እመቤት «ሞምባሳ ላይ አልተሳሳቱም ማለት ነው?» ካለችኝ በኋላ ሁለት ቀን እህል አልቀመስ አለኝ። መስታወት ውስጥ የሚቆም ባዶ ጀርባ ለማያውቅ ሰው «እዚህ ላይ አልተሳሳተም» ይላል። ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ግን በአደባባይ መዋሸት ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ካርዱን ይዤ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። ዘሃራ ገና አልመጣችም።

«ምነው ጃል፣ ጡረታው ከበደህ እንዴ? ፊትህ ጠቁሯል» አለኝ።

«ሰይድ፣ ሞምባሳ ላይ ትራሱን በማውረድ አልዘገየህም።»

ጨርቅ እየጠቀለለ ነበር፤ እጁ ቆመ።

ነገርኩት። ግራ አምስት፣ አሥራ አምስት፣ «እሺ ጌታዬ»። ምርመራውን ነገርኩት። ብርቱካን ስልጥለት የሆነውን ጭምር ነገርኩት። ሲያዳምጥ ዓይኑን ከካርዱ አላነሣም።

«ቺፍ ያውቁ ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«ገምተው ነበር። እኔ ነኝ ያልተናገርኩት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«አበራ አጠፋ» አለ። ሲቀልድ የሚለውን ቃል ነበር ያለው፤ ፊቱ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ያንተ ንጋት አርባ ዓመት ወሰደበት፣ ወላሂ። ጣቶቼን ተዋቸው፤ ጣት ከአላህ የመጣ ነው፣ ይሄዳል። እኔ ግን አርባ ዓመት ሙሉ በየማታው ያን ትራስ አወርዳለሁ፣ ታውቃለህ? እንዲያ ባላወርደው፣ እንዲህ ብይዘው እያልኩ። ልጄን በራሴ ጥፋት እየገሠጽኩ አሳደግኩ። ጥፋቱ የእኔ አልነበረም!»

«አልነበረም።»

«ሂድ አሁን።»

«ሰይድ...»

«ሂድ አልኩህ፣ አበራ።»

ሄድኩ። ቤቴ ገብቼ ተቀመጥኩና እርሳስ ፈለግኩ። ካርዱን ገልብጬ ጻፍኩበት። ከመጻፌ በፊት ያን ያህል ዓመት እንዴት ከባድ ሆኖ እንደቆየ ሳስበው ገረመኝ፤ ጽሑፉ ትንፋሽ አይሞላም። ከዚያ ለእመቤት ሰጠኋት። ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝ፤ አንብባም ከስምንቱ ጋር አኖረችው።

ሦስት ሳምንት ሰይድን አላየሁትም። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ከገበያው የሚጮህ ሰው አልነበረም። ሰው ሲቆጣህ ትሰማለህ፤ ዝም ሲልህ ግን ምን እንደምትሰማ አታውቅም።

ካርዶቹ ለሕዝብ በተከፈቱበት ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ተማሪዎች፣ የድሮ ባልደረቦቼ፣ ጌታቸው ከነልጆቹ። ሰው የሲንጋፖሩን ዓሣ አንበሳ እያየ ይስቃል፣ ወደ ጀርባው ዞሮ ጥፋቴን እያነበበ ደግሞ ይስቃል። እኔ ዘጠነኛው አጠገብ ቆሜ ነበር። ወደዚያ የደረሱ ሰዎች ፊቱን አይተው ጀርባውን ካነበቡ በኋላ ሳቃቸውን ያቆማሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። መቆም ከባድ ነበር፤ ግን ቆምኩ።

ሰይድ በሩ ላይ ታየኝ። ነጭ ጀለቢያውን ለብሷል፣ ዘሃራን ከጎኑ ይዟል። ሌሎቹን ካርዶች አላየም። ቀጥ ብሎ መጥቶ የዝሆን ጥርሶቹን አልፎ ከመስታወቱ ጀርባ ቆመ። መነጽሩን አደረገ። ከዚያ ቃል በቃል፣ መርከብ ላይ እንደምናደርገው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦

«"ግራ አምስት ተባልኩ። አሥራ አምስት ሰማሁ። አልደገምኩም። የሰይድ ጣቶች የሄዱት በእኔ ነው፤ እሱ አልዘገየም።"»

መነጽሩን አወለቀና አየኝ። «ልክ?»

እንባዬ እየወረደ ነበር፤ አላበስኩትም።

«ልክ፣ ሰይድ» አልኩት።

ወደ ልጁ ዞረ። ሦስት ጣቶች ያሉትን እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ።

«ሰማሽ አይደል ዘሃራ? እስቲ አንቺ ድገሚው።»

ዘሃራ ካርዱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ አባቷን።

«አባቴ አልዘገየም» አለች።

«ልክ» አለ ሰይድ።